የእኔ ሆድ ይጠየቃል፣ የባለቤቴ ቦርጭ ይከበራል

አዲስ አበባ ውስጥ የሴት ሆድ የግሏ አይደለም። ያየው ሁሉ አስተያየት ይሰጥበታል። የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ፣ ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ እናት፣ ለዓመታት ያላየሁት የክፍል ጓደኛዬ፣ ሁሉም ከሰላምታው ቀጥሎ ዓይኑን ወደ ታች ያወርዳል። «እሰይ! ስንተኛ ወርሽ ነው?» ትንሹ ልጄ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላም ይህ ጥያቄ አልቀረልኝም። አንድ ቀን ከሜክሲኮ ወደ ፒያሳ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ አንድ አባት የተቀመጠውን ወጣት ተቆጡት። «ተነስላት እንጂ! ነፍሰ ጡር መሆኗ አይታይህም?» ልጁ ደንግጦ ተነሳ። እኔም ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ፣ እግሬን ደክሞኝ ነበር።

የሚገርመው በዚሁ ከተማ መክሳትም አይፈቀድም። ትንሽ ከቀነስሽ «ምነው፣ ምን አገኘሽ? አመመሽ እንዴ?» ይመጣል። ከጨመርሽ አክስትሽ ጉንጭሽን ይዛ «ተመችቶሻል!» ትልሻለች። ይህ ምርቃት ነው። ያቺው አክስት ግን ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ጠጋ ብላ «ሆድሽን ብቻ ያዝ አድርጊው» ትላለች። ፊት ይሙላ፣ ዳሌ ይኑር፣ ሆድ ግን አይታይ ነው ነገሩ። ስብ የት እንደሚቀመጥ ደግሞ እኛን አያማክርም። በአብዛኛው የሚወስኑት ዘር፣ ሆርሞንና ዕድሜ ናቸው።

ይህን የምጽፈው መስታወት ፊት ወደ ጎን ዞረው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ሆዳቸውን ለሚለኩ እህቶቼ ነው። ወንዶችም አንብቡት። ወደ ታች ላይ ለእናንተም የሚሆን አለ።

መጀመሪያ ስለምናያቸው ሆዶች ላውራ። የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ የሚሠራ ጎረቤት አለኝ። ሥራውን የለመደው ፒያሳ ሳትፈርስ በፊት እዚያ ከነበሩት ፎቶ ቤቶች በአንዱ ነው። በጥር የሠርግ ወቅት ስልኩ አያርፍም። ሙሽሮቹ ፎቶውን ሳያዩ በፊት «ሆዴን አጥፋልኝ» ይሉታል። ሙሽራዋ ቬሎ ለብሳ ስትነሳ ትንፋሽዋን ትይዛለች፣ ትንሽ ወደ ጎን ትዞራለች፣ መብራቱም ከጎን ይመጣል። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ወገቧን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ሚዜዎቹንም እንደዚሁ። በቪዲዮም እንደሚቻል በስልኩ አሳይቶኛል፤ አፑ ራሱ ሰውነትን ሲያቀጥን ሴትዮዋ ትጨፍራለች። ቲክቶክ ላይ ያየናት ልጅ የቀረጸችው ጠዋት በባዶ ሆዷ ሊሆን ይችላል። አሥር ሰከንድ ትንፋሽ መያዝ ማንም አያቅተውም። ስምንት ሰዓት ቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ መያዝ ግን አይቻልም።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋን በምጥ ወለድኩ፤ ትንሹን በኦፕራሲዮን። ለትንሹ ክርስትና የምለብሰው ቀሚስ ገና ሳረግዝ ተገዝቶ ነበር። እናቴ በአራስነቴ ገንፎውንና አጥሚቱን አልነፈገችኝም፤ ሆዴንም በመቀነት ጥፍር አድርጋ አሰረችልኝ። መቀነቱን ወድጄዋለሁ። ስነሳም ስቀመጥም ቁስሌን ይደግፍልኝ ነበር። ሆድ ግን አይመልስም። ማህፀን ብቻውን ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ 6 ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። የወንድ ልጅ ክርስትና ደግሞ በ40 ቀን ነው። ቁጠሩት፤ 6 ሳምንት እንኳ አልሞላም። ማህፀኔ ገና መንገድ ላይ እያለ ነው አንድ ዘመዳችን ድንኳኑ ውስጥ «መንታ ነበር እንዴ? አንዱ ቀርቷል» ብሎ ሰው ያሳቀው። ቀሚሱም አልገባኝም፤ የእህቴን ለበስኩ።

በኦፕራሲዮን የወለዳችሁ የምለውን ታውቃላችሁ። ጠባሳው ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር ተያይዞ ወደ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል፤ ከበላዩ ያለው ቆዳ ደግሞ እጥፍ ብሎ ይወርድበታል። ብትቀጥኚም ያ እጥፋት ሊኖር ይችላል። ስፖርት ጠባሳን አያነሳም። ይህን የነገረኝ ሰው ቀደም ብሎ ቢኖር ብዙ ብር በተረፈኝ ነበር።

ብሩ የሄደው ያው ሁላችሁም የምታውቁት ቦታ ነው። ከመርካቶ የሆድ ማጥበቂያ ቀበቶ ገዛሁ። ሲለብሱት ያምራል፤ ቀሚስ ይቀመጥበታል። ግን ስብ አያቀልጥም፤ ይገፋዋል እንጂ። ስቡን ሲገፋ ጨጓራንም ስለሚጫን ምሳ በበላሁ ቁጥር ቃሩ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣ ነበር። «ያልብሻል፣ ትቀንሻለሽ» ይሉታል፤ ላብ ውሃ ነው፣ ውሃ ሲጠጡ ይመለሳል። ቀጥሎ የማቅጠኛ ሻይ መጣ። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሻዮች ሰና የሚባል ቅጠል አላቸው። ሰና የሚያስቀምጥ ነገር ነው። የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ሲሆን፣ ምግቡ እዚያ እስኪደርስ ድረስ ዋናው ጉልበቱ በትንሹ አንጀት ተመጦ አልቋል። ታዲያ የሚወጣው ምንድን ነው? ውሃና ጨው። ሚዛን ላይ ቀንሰሽ ትታያለሽ፤ ስቡ እዚያው ቁጭ ብሏል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ በሰውነት ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ያወርዳል፤ ይህ ለልብ ምት አደገኛ ነው። አያቶቻችንስ ኮሶ ሲጠጡ ቢያንስ የሚያወጡት ትል ነበራቸው።

ስለ ሎሚ በለብ ያለ ውሃ፣ ስለ ፌጦና ስለ ኮምጣጤ ብዙ አልልም። ጨጓራ ካለብሽ በባዶ ሆድ አትሞክሪው፤ ሆድሽ ሳይጠፋ ቀኑን ሙሉ ስታቃጥይ ትውያለሽ።

ከዚህ ሁሉ የጠቀመኝ ሰፈሬ አጠገብ ጂም መግባቴ ነው፤ የጠቀመኝ ግን ባልጠበቅኩት መንገድ ነው። አሰልጣኙ ጥሩ ልጅ ነበር። ሆድ ለማጥፋት ብዬ የመጣሁ ስለሆነ ክራንችና ሲት አፕ በላይ በላዩ ያሠራኝ ጀመር። ክራንች ከስቡ ሥር ያለውን ጡንቻ ያጠነክራል፤ ከላይ ያለውን ስብ ግን መርጦ አያቃጥልም። እኔ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ታየ። ከወለሉ ቀና ስል ከእምብርቴ በላይ መሃል ለመሃል እንደ ድንኳን አናት ሾጠጥ ያለ ነገር ይነሳል። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ አይታ ደነገጠች። «አንቺ፣ ይሄን ነገር ታዪው» አለችኝ። ከወሊድ በኋላ እሷን የረዳቻት አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ላከችኝ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ረጋ ያለች ሴት ናት። «እህቴ፣ በጀርባሽ ተኚ። ጉልበትሽን እጠፊ። አሁን ጭንቅላትሽን ብቻ ትንሽ ቀና አድርጊ።» ጣቶቿን እምብርቴ ላይ አሳርፋ ተጫነች። ሦስት ጣት ገባ። ከዚያ ሥዕል እየሳለች አስረዳችኝ። ከደረት እስከ ብልት አጥንት ድረስ ግራና ቀኝ የሚወርዱ ሁለት ረጃጅም ጡንቻዎች አሉ። መሃላቸውን የሚያያይዛቸው ስስ ግን ጠንካራ ጅማት ነው። ልጁ ሲያድግ ጅማቱ ይለጠጣል፣ ጡንቻዎቹም ይራራቃሉ። በእርግዝና የመጨረሻ ወራት ይህ አብዛኞቹን ሴቶች ያጋጥማል። የአንዳንዷ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት በራሱ ይጠባል፤ የአንዳንዷ ክፍት ይቀራል። ሁለት ጣትና ከዚያ በላይ ከሆነ ክፍተት አለ ይባላል። የኔ ሆድ የሚገፋው በስብ ብቻ ሳይሆን ፊት ለፊት የሚይዘው ስለላላ ጭምር ነበር።

ቤታችሁ ሆናችሁ እንዲሁ መሞከር ትችላላችሁ። ጉብ የሚለው ነገር ተመልሶ የማይገባ ከሆነ ወይም የሚያም ከሆነ ግን ሄርኒያ፣ ማለትም የውስጥ አካል በላላ የሆድ ግድግዳ በኩል ገፍቶ መውጣት፣ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

«ታዲያ ከሠራሁ ጠፍጣፋ ይሆናል?» አልኳት።

ሳቀች። «ይጠነክራል። ቆዳሽን ግን እኔ አልሰፋም።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ስትስዪ ወይም ስታነጥሺ ሽንት ያመልጥሻል?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ ያመልጠኝ ነበር። ልጆቼን ተከትዬ ስሮጥም ያመልጠኛል። ለባለቤቴም አልተናገርኩም። ያን ሁሉ ዓመት ስለ ሆዴ አስተያየት ከሰጡኝ ሰዎች ይህን የጠየቀኝ አንድም አልነበረም።

ያሠራችኝ ነገር ለማየት አያስደስትም፤ ቪዲዮ ቢቀረጽ ማንም አያየውም። በአፍ ቀስ ብሎ ትንፋሽ እያወጡ የታችኛውን ሆድ ወደ ውስጥ መሳብ። ሽንት ለመያዝ እንደሚደረገው ከታች ያለውን ጡንቻ ማጥበቅና መልቀቅ። ከአልጋ ሲነሱ ወደ ጎን ተገልብጦ በእጅ ተደግፎ መነሳት። ከባድ ነገር ሲያነሱ ትንፋሽ አለመያዝ። ክራንቹን ለጊዜው አቆምኩ። ወራት ፈጅቷል። ወገቤን የሚያመኝ ቀነሰ። ሳነጥስ እግሬን ማጣመር ተውኩ። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሞልቼ የማነሳው ጀሪካን አሁን ሆዴን አይጎትተኝም። ሆዴ ግን አለ። ለስለስ ብሎ፣ በጠባሳው ላይ እጥፍ ብሎ፣ አለ።

አሁን ወደ ምግብ ልምጣ፤ እዚህ ላይ የኛ አገር ነገር የተለየ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ገዝቼ ጠዋት ስነሳና ከምሳ በኋላ ወገቤን ስለካ አምስትና ስድስት ሴንቲ ሜትር ልዩነት አገኛለሁ። ያው ቀን፣ ያው ሰው። በተለይ በጾም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ የሚመጣው ማዕድ ደግሞ ሽሮ፣ ክክ፣ ምስር፣ ፎሶሊያ፣ ከሥሩ ሁሉ የተቁላላ ሽንኩርት ነው። እነዚህ እህሎች ትንሹ አንጀታችን የማይፈጨው የስኳር ዓይነት አላቸው። እሱ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ያልፋል፤ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ይበሉታል፤ ጋዝ ያወጣሉ። ሆድ ይነፋል። በሽታ አይደለም። እንዲያውም ለአንጀት ከሚመከሩት ምግቦች ውስጥ ጥራጥሬ ዋናው ነው። ምስሩንና ሽምብራውን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ትንሽ ያስታግሳል። በባዶ ሆድ ቆይቶ በአንዴ ከመጥገብ ሁለት ጊዜ ከፍሎ መብላትም እንዲሁ። እኔ ደግሞ «እንዲፈጭልኝ» ብዬ አምቦ ውሃ እጠጣበት ነበር። ጋዝ በጋዝ ላይ! የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናትም ብዙ ሴት ይነፋታል፤ ሆርሞኑ ራሱ አንጀትን ያዘገያል።

እናም «ጠፍጣፋ ሆድ» ሲሉኝ የስንት ሰዓቱን እላለሁ።

ዓይኔን ያስለመደልኝ ደግሞ ሞሮኮ ባዝ ነው። ካዛንቺስ ሳይፈርስ በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድ ነበር። እንፋሎቱ ውስጥ ሴት ሁሉ ፎጣ ጠቅልላ ገብታ ቆይቶ ፎጣውን ትረሳዋለች። ቀጫጭን የሚባሉት ልጆች ሲቀመጡ ሆዳቸው ሁለት ቦታ ይታጠፋል። ከእምብርት በታች ክብ ያለ ነገር የሌላት ሴት እምብዛም አላየሁም። አራትና አምስት የወለዱ እናት ሆዳቸውን በሳሙና ሲያሹ እንደ ክንዳቸው ነው የሚያሹት፤ አያፍሩበትም፣ አያቆላምጡትም። ልብስ ለብሰን መንገድ ላይ ስንገናኝ ግን ሁላችንም ትንፋሽ ይዘናል።

እውነተኛውን ጠፍጣፋ ሆድ ያየሁት የአጎቴ ልጅ ላይ ነው። ጡንቻዋ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ብዙ እየሠራች፣ ትንሽ እየበላች ነው ያመጣችው። በኋላ ነገረችኝ፤ የወር አበባዋ ቆሞ ነበር፣ ፀጉሯ ይረግፋል፣ ክረምትም በጋም ይበርዳታል። ሰውነት የሚገባለት ጉልበት ከሚያወጣው በጣም ሲያንስ መጀመሪያ የሚዘጋው የመራቢያውን ሥራ ነው። ከዘገየ አጥንትም ይሳሳል። ሐኪሟ ያዘዘላት ምግብ ነው። በተፈጥሮዋ እንደዚያ የሆነች፣ በደንብ የምትበላ፣ ወር አበባዋ የሚመጣ ሴት የለችም ማለቴ አይደለም። አለች። እድሏ ነው፤ እኛ ግን እሷን መለኪያ አድርገን መኖር የለብንም።

አሁን ወደ ባለቤቴ። እግሩ ቀጭን፣ ክንዱ ቀጭን፣ ሆዱ ትልቅና ጠንካራ ነው። የመኪና ጠባቂዎቹ «ባለሀብቱ!» እያሉ ነው የሚጠሩት። የቢሮ ሰዎች «ኃላፊ መሰልክ» ይሉታል። እናቱ «ልጄን ተመችቶታል» ብላ እኔን ታመሰግነኛለች። ስንተኛ ወርህ ነው ያለው ሰው የለም።

ሜትሩ ቤት ስለነበረ ለሳቅ ያህል ሁለታችንም ተለካን። ማወቅ ለምትፈልጉ አለካኩ እንዲህ ነው። የመጨረሻውን የጎን አጥንትና የዳሌ አጥንት ጫፍ ፈልጋችሁ መሃላቸው ላይ ሜትሩን ታዞራላችሁ። ሆድ ሳትስቡ፣ እንደ ወትሮው ትንፋሽ አውጥታችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን የጤና ስጋት ይጨምራል፣ ከ88 በላይ በጣም ይጨምራል ይላል። ለወንድ 94 እና 102 ነው። ሌላው ቀላል መንገድ የወገብ ዙሪያ ከቁመት ግማሽ በታች እንዲሆን ማድረግ ነው። የኔ ቁመት 164 ነው፤ ግማሹ 82። ወገቤ፣ ያ ሁሉ ወሬ የወራበት ወገቤ፣ 79 ሆነ። የባለቤቴ 104።

ሁለታችንም ሳቅ አቆምን። የኔ ሆድ ሲቆነጥጡት በእጅ ይያዛል፤ ከቆዳ ሥር ያለ ስብ ነው። የሱ ሲጫኑት አይገባም፤ ምክንያቱም ብዙው ስብ ያለው ከጡንቻው በስተ ውስጥ፣ በአንጀትና በጉበት ዙሪያ ነው። ከስኳር፣ ከደም ግፊት፣ ከልብ ሕመምና ከጉበት ስብ ጋር ይበልጥ የሚያያዘው ይህኛው ነው። ሲመረመር ስኳሩ መውጣት ጀምሮ ነበር። አሁን ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃውን እየወጣን እየወረድን እንራመዳለን። ድራፍቱን ከሥራ መልስ በየቀኑ መጠጣት ትቷል። ክብደቱ ብዙም አልቀነሰም፤ ቀበቶው ግን ወደ ውስጥ ገብቷል። ስፖርት ሚዛን ላይ ሳይታይ የውስጡን ስብ ሊቀንስ እንደሚችል ሐኪሙ ነግሮት ነበር። ሰዎች ደግሞ አሁን «ምነው ከሳህ? ሚስትህ አታበላህም እንዴ?» ጀምረዋል።

ለጠያቂዎች ምን ትመልሻለሽ የምትሉኝ አላችሁ። እንደ ሰውየው ነው። ለትልልቅ ሰዎች «አይ እትዬ፣ ምሳዬ ነው» እላለሁ፤ ይስቃሉ፣ ያልፋል። ለጓደኞቼ ግን በቁም ነገር እነግራቸዋለሁ። ፅንስ የወረደባት፣ ወይም ልጅ ፈልጋ ለዓመታት ሐኪም ቤት የምትመላለስ ሴት ያቺን ጥያቄ ስትሰማ ቢሮ ውስጥ ሽንት ቤት ገብታ ስታለቅስ አይቻለሁ። ልብስ ሰፊዬን ደግሞ ወገቡን ልቀቅልኝ አልኩት። «ቀበቶ አትለብሺበትም?» አለ። «አልለብስም።» ጨርቅ ጨመረበት፣ ትንሽ ብርም ጨመረብኝ፤ የጥበብ ቀሚሴን ለብሼ ሠርግ ላይ እስክጠግብ በላሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሆድን ሁሉ ዝም በሉት ማለቴ እንዳይመስላችሁ። አንዲት ጎረቤቴን ሁሉም «ወፈርሽ» ይላት ነበር፤ እሷም ሻዩንም ቀበቶውንም ሞክራለች። ማዮማ የሚባል የማህፀን እጢ ነበር። በወር አበባዋ ብዛት ደሟ ወርዶ ደረጃ ስትወጣ ያለከልካት ነበር። ስለዚህ ሌላው ሰውነታችሁ እየከሳ ሆዳችሁ ብቻ የሚያድግ ከሆነ፣ ጠንካራ ነገር በእጃችሁ ከተሰማችሁ፣ የወር አበባችሁ ከበዛ፣ ትንሽ በልታችሁ ቶሎ የምትጠግቡ ከሆነ ወይም የመነፋቱ ነገር ለሳምንታት አልቀንስ ካለ ሐኪም ጋር ሂዱና አልትራሳውንድ ተነሱ። አያምም፤ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው።